ከአፍ እስከ አፍ

አባዱላዋን ሲሸጥልኝ አቶ በልሁ ማለ፤
ኮፈኗን እንደ መጽሐፍ በመዳፉ እየዳበሰ፣
«ባንድ ሊትር ናፍጣ አሥራ አራት ትሄዳለች» አለ።
አመንኩት። ደብረ ብርሃን ላይ፣ በዚያ ጠዋት፣
ሰው ምን ይላል፣ አፉ በብርድ እየጨሰ ሲምሉለት?

በወሩ ኪሴ ከቃሉ ጋር ተጣላ።
መንገዱ ያው፣ ሰዉ ያው፤ ናፍጣው ግን ይበላ፣ ይበላ።
የክሩስኮቱ ቀስት አይታመንም፤ ዳገት ላይ «አለቀ» ይላል፣
ቁልቁል ሲዞር ደግሞ የጠገበ ይመስላል።
ከልጄ ከቤዛ የሒሳብ ደብተር ለመንኩ፣
ማደያ ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ቀኑን ጻፍኩ፣
ጋኑን እስከ አፉ ሞልቼ አረፋው እስኪረጋ ጠበቅኩ።
ሄጄ፣ መጥቼ፣ ደግሞ እስከ አፉ ስሞላ፣
ሰው በአፉ የሚለው ሌላ፣
ጋን በአፉ የሚለው ሌላ።

ዘጠኝ ነጥብ አንድ።

ጠባሴ፣ ወሰንየለህ ጋራዥ ወሰድኳት።
ፖምፓ ይፈታል፣ ኖዝል ግዛ ይለኛል ብዬ ስፈራ
ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ፤
«ነፍሷ ወጥቷል እኮ! ጎሚስታ ውሰዳት ማታ።»
ቀና ብሎ ፖርቶመጋላውን አየ፦
«ባዶውን ምን ያደርግልሃል? ነፋስ ነው የምትሸከም?»
ዲፑራተሩን አውጥቶ ሁለቴ ሲያራግፈው
የዓመት የይፋት አቧራ እግራችን ሥር አረፈ።
«ጠዋትስ፣ መናኸሪያ፣ ሰው እስኪሞላ
ስንት ደቂቃ ነው ቆማ የምትበላ?»
ዝም አልኩ።
ረዳቴ ደምስ «ሮቢት! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል፣ ገና ስድስት ሲቀረው፣
እኔ በማሞቂያው እግሬን እያሞቅኩ
ስንት ሊትር ቆሜ እንደ ነዳሁ ያኔ አወቅኩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ጣርማ በርን እንዴት ትወርዳለህ?
እውነቱን ንገረኝ። ፎሌ ታደርጋለህ?»

አደርጋለሁ። ሁላችንም እናደርጋለን።
ከዋሻው ስንወጣ፣ ጉሙ መስታወት ሲልስ፣
ማርሽ አላቅቀን፣ በነጻ፣ እስከ ደብረ ሲና ድረስ።
«ቁልቁለት የእግዜር ናፍጣ ነው» ይል ነበር እንግዳሸት።
ፍሬኑ ተቃጥሎ ሲሸት
ተሳፋሪዎቹ የሌላ መኪና መስሏቸው መስኮት ዘጉ።
እዚያ መታጠፊያ ስደርስ ዛሬም ሬዲዮ አጠፋለሁ።

«በማርሽ ውረድ» አለ ወሰንየለህ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
«እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ በቃ። ያኔ ሞተሩን የሚያዞረው መንገዱ ነው፤
ናፍጣ ጠብ አይልላትም።
ፎሌ ስታደርጋት ግን እንዳትጠፋ ትጠጣለች፣
ጠጥታም አትይዝህም።»

ጎማ አስነፋሁ፤ ብረቱን ከጣሪያዋ አወረድኩ፤
ደምስ «ሞላ!» ሲል ነው አሁን ቁልፍ የማዞረው።
ቤዛ ደብተሩን አይታ ሳቀችብኝ፦
የመውረጃውን አሥራ አራት ነጥብ ሁለት፣ የመውጫውን ስምንት ተኩል፣
ደምሬ ለሁለት ነበር የገመስኩት።
«አባዬ፣ ሊትሩን ነው የሚደመረው፤ ቁጥሩን አይደለም።»
አሥር ነጥብ ስድስት ወጣ።

አሥራ አራት ግን አይደለም።

ቅዳሜ አቶ በልሁን ሸዋ ሮቢት ገበያ አገኘሁት፣
ማሾ በጆንያ ሲያስመዝን፤ ሚዛኑን ሁለቴ እያየ።
ጠየቅኩት። አላፈረም፣ አልተቆጣም፦
«ደብረ ብርሃን ሞላሁ፣ እዚህ ደርሼ ለካሁ። አሥራ አራት ነው።»
«መመለሻውንስ?»
አሰበ። የምር አሰበ።
«መመለሻውን... ማን ይለካል?»

አልዋሸኝም ሰውየው።
ወርዶ ነው የለካው።

አሁን እየመሸ ነው፤ ሽንኩርቱ ወንበር ሥር፣ ሰዉ እንቅልፍ ላይ፣
በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳልጣደፍ፣ ዳገቱን ይዣለሁ።
ከኋላ አንድ አይሱዙ ክላክስ ያደርጋል።
ይለፍ።
ደብተሩ ክሩስኮቱ ላይ ነው፤ ገጹን ጉም አርጥቦታል፣
የዛሬው መስመር ግማሹ ገና ባዶ ነው።